መጋረጃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፦ ከፍሪታውን የቀዶ ሕክምና ክፍል

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ ሲወራ «እኔም ሄጄ ነበር» ብዬ ጽፌ ጠፋሁ። ሦስት ሰው በውስጥ መስመር «ንገሪን እንጂ!» አለኝ። እነሆ። ይረዝማል፣ ቡና አፍሉ።

ሜሪላንድ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ የሁለት ወር ፈቃድ ወስጄ ሴራሊዮን ሄድኩ። መርሲ ሺፕስ የሚባለው ድርጅት «ግሎባል መርሲ» የምትባል የሆስፒታል መርከቡን ፍሪታውን ወደብ ላይ አቁሞ ነበር። መርከብ ስላችሁ የባሕር ዳር ጀልባ እንዳይመስላችሁ። 174 ሜትር ትረዝማለች፣ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍል አላት። ታካሚው በነጻ ነው የሚታከመው። ነርሱም ሐኪሙም ወጥ ሠሪውም ደሞዝ የለውም። እንዲያውም ከፋዮቹ እኛ ነን፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

የሚሠራው ምንድነው ካላችሁ፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ፣ ቡአ፣ እንቅርት፣ የፊትና የመንጋጋ ዕጢ፣ በቃጠሎ የተጣበቀ ክንድና አንገት፣ የሕፃናት ቆልማማ እግር። አገር ቤት የማናውቀው በሽታ የለም። የሚያስደነግጠው መጠኑ ነው። ያ የመንጋጋ ዕጢ ባብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ሌላ ቦታ አይዛመትም። ዝም ብሎ ያድጋል። እኔ በምሠራበት አገር የጥርስ ሐኪም በራጅ አይቶት ኦቾሎኒ ሳያክል ይወጣል። እዚያ ግን አሥር ዓመት ያድጋል። መጀመሪያ ማኘክ ይከለክላል፣ ቀጥሎ መዋጥ፣ በመጨረሻ መተንፈስ።

አንዲት ሴት ነበረች። (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።) ከገጠር የመጣች፣ ለዓመታት ፊቷን በሻሽ ሸፍና የኖረች። ዕጢው ወጣላት፣ መንጋጋዋ በብረት ተጠገነ፣ ባፍንጫዋ የምግብ ቱቦ ገባላት። በማግስቱ ፋሻዋን ልቀይር ሄድኩ። እንደለመድኩት መጋረጃውን አልጋዋ ዙሪያ ሳብኩት። ሜሪላንድ ቢሆን መጋረጃ ሳልዘጋ ቁስል ብነካ እጠየቅበታለሁ። ለታካሚው ክብር ነው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ክፍል ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ሌሊት እንኳ አንዱ ያወራል፣ አንዷ ሕፃን ታባብላለች። ከዚያ መሬት ላይ የሚንኳኳ ጎማ ሰማሁ። የጎረቤት አልጋ ታካሚ ናት። እንቅርት የወጣላት፣ አንገቷ ላይ ስፌቱ ገና ትኩስ የሆነ። የጉሉኮሷን ዘንግ እየጎተተች መጥታ መጋረጃውን ባንድ እጇ ገለጠችው። ለኔ ምንም አላለችኝም። ለታካሚዋ «ኦሽ ያ» አለቻት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ያዘች። ከኋላዋ ሁለት ሌሎች መጡ። አራት ሰው እያየኝ ቁስል ጠረግሁ።

አስተርጓሚያችን በኋላ ሳቋን እየዋጠች ነገረችኝ። «ሞታለች ብለው ነበር» አለች። ካልሞተችም ፊቷ ከበፊቱ ብሶ እኔ የደበቅኳት መስሏቸው ነበር። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸፈን ኖራ፣ ልትገለጥ መጥታ፣ እኔ ደግሞ ሌላ መጋረጃ ደረብኩባት።

«ኦሽ ያ» በክሪዮ (የፍሪታውን የመግባቢያ ቋንቋ ነው) የማዘን ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባልደረቦቼ ሁልጊዜ «ይቅርታ» እያሉ ይተረጉሙትና «ምን አጥፍታ ነው ይቅርታ የምትለው?» ይላሉ። እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። «አይዞሽ» ማለት ነው! ሰው ሲወድቅም፣ መርፌ ሲወጋም፣ ዕቃ ተሸክሞ ሲያልፍም ይባላል። ከአይዞሽ ሌላ ምን አለ?

ዋናው የምለው ይሄን ነው። መርከቧ ላይ ለሕፃናት አንድ አንድ አስታማሚ ይፈቀዳል፣ ሌሊት ከልጁ አልጋ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች። አዋቂዎቹ ግን ባብዛኛው ብቻቸውን ነው የሚገቡት። ከሦስት ቀን በኋላ ብቻውን የሆነ ሰው አላየሁም። እንቅርቷ ለመንጋጋዋ አስታማሚ ሆነች። ቡአ የተሠራላቸው ሽማግሌ ያንድ ልጅ አያት ሆኑ። ማንም አልመደባቸውም። «አስታማሚ» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ዓመት አሜሪካ ስሠራ አንድ ቀን አልተጠቀምኩበትም። እዚያ ጠያቂ እንጂ አስታማሚ የለም። ጠያቂ አበባ ይዞ መጥቶ ይሄዳል።

እናንተ ጋስ እንዴት ነው?

---

አቧሬ

«የጉሉኮሷን ዘንግ እየጎተተች» ጋ ስደርስ ሳቅኩም አለቀስኩም። ቀጥዪ በናትሽ።

---

የሌሊት ሽፍት

ሲስተር፣ አጻጻፍሽ ደስ ይላል። ግን ካገር ቤት የምሠራ ነርስ ነኝና አንድ ነገር ልበል፣ እንዳይከፋሽ።

አስታማሚን ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እኛ ጋ አስታማሚ ያለው ነርስ ስለሌለ ነው። አዳር ሽፍት ሁለት ሆነን ክፍሉን ሙሉ እንይዛለን። ታካሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ ሽንት ከረጢቱን የሚደፋው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው አስታማሚው ነው። ይሄ ፍቅር ብቻ አይደለም፣ ያልተከፈለ ሥራ ነው። ደግሞ ማን ነው አስታማሚው? እናት ናት፣ እህት ናት፣ ትምህርቷን ያቋረጠች የ15 ዓመት ልጅ ናት። በሬ ተሽጦ ነው ኮሪደር ላይ የሚታደረው።

ጉዳቱን ደግሞ ልንገርሽ። ልጁ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሊገባ «ምንም እንዳይቀምስ» ብዬ ስንቴ ተናግሬአለሁ። ሌሊት አያቱ አንጀቷ አልችል ብሎ አጥሚት አጠጣችው። ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ። ስንት ወር የጠበቀ ልጅ ነው። አያትየዋን ልቆጣት ነበር። «ሆዱ ባዶ ሆኖ ቢላ ሊገባበት?» አለችኝ። ምን ትመልሻለሽ?

ስፌት ላይ ቅቤ የቀባም አይቻለሁ። ስለዚህ መጋረጃ መዝጋትሽ ብዙም አይቆጭሽ።

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ አልከፋኝም። ልክ ነህ። መርከቧ ላይ ነርሱ በቂ ነው፣ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ አስታማሚው የሚቀረው ሥራ አይዞህ ማለት ብቻ ነው። ይሄን ሳልጽፍ ማለፌ ጥፋት ነው።

ስለ አጥሚቱ ግን ስማኝማ። እኛም «በአፍ ምንም» የሚል ጽሑፍ አልጋው ላይ እንሰቅል ነበር። የሚያነበው የለም። አንድ ቀን የክፍል ረዳቷ (የአገሬው ልጅ ናት፣ ከኔ አሥር እጥፍ ትበልጣለች) ወረቀቱን ትታ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመች። ጮክ ብላ ለሁሉም ተናገረች። ፓ እከሌ ነገ ይሠራላቸዋል፣ ሆዳቸው ውስጥ ምግብ ካለ በሰመመን ተኝተው ወደ ሳምባቸው ይገባል፣ ይሞታሉ፣ አደራ! በቃ። ማታ ሽማግሌው ወደ ዳቦ እጃቸውን ሲሰዱ ከሦስት አልጋ «ኧረ ፓ!» ተባሉ። (ፓ ማለት ጋሼ፣ አባባ እንደማለት ነው።) ተናደው ግድግዳ ዞረው ተኙ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ማስተማር ትቼ ክፍሉን ማስተማር ጀመርኩ። ሳንባ እንዳይደፈን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጥልቅ መተንፈስ፣ ተነስቶ መራመድ፣ እግር ማንቀሳቀስ፣ ሁሉንም በጋራ። ያልተራመደ ሰው እንደ ሰነፍ ይሳቅበታል። አሜሪካ ውስጥ ለእያንዳንዱ ታካሚ ወረቀት አስፈርሜ የማላገኘውን ውጤት እዚያ በቀልድ አገኘሁ።

የተቃጠሉት ልጆች ግን በቀልድም አይሆንም። እነሱ ዘንድም ምግብ የሚበስለው በሦስት ጉልቻ ላይ ነው፣ መሬት ላይ፣ ልጅ በሚድህበት። ቁስሉ ብቻውን ሲድን ቆዳው ይሰበሰባል። ክንድ ከደረት ይጣበቃል፣ አገጭ ከደረት። ሐኪሙ ያንን ፈትቶ ከጭን ቆዳ ወስዶ ይለጥፋል። ከዚያ ፋሻ ሲቀየር ያለው ጩኸት አይለመድም። ማስታገሻ ሰጥተን፣ ጠብቀን፣ ያም ሆኖ ያለቅሳሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ትንሽ ልጅ ስታለቅስ ከወዲያ ጥግ አንዷ እናት ማዜም ጀመረች። ሌላዋ ተቀበለቻት። እንደኛ አዝማች ነው፣ አንድ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጅቷ ማልቀሷን አልተወችም። እኔ ግን እጄ መንቀጥቀጡን ተወ።

---

ጡረተኛው ድሬሰር

ልጆቼ፣ ይሄን መድረክ የልጅ ልጄ ነው የከፈተልኝ። ድሬሰር የሚባል ሙያ ታውቃላችሁ? ቁስል የምናጥብ፣ መርፌ የምንወጋ፣ ገጠር ላይ ዶክተርም እኛው የነበርን። በጃንሆይ ጊዜ ነው የጀመርኩት።

ያኔ ሐኪም ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር አስታማሚ ድንጋይ ጎልቶ ሽሮ ይሠራ ነበር። ቡና ይቆላል። ጭሱ በመስኮት ይገባል። የውጭ አገሩ ሐኪም ይበሳጫል፣ «አስወጡልኝ» ይላል። እኛ እናስወጣለን። በማግስቱ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሐኪሙ ራሱ ወጥቶ ሲኒ ሲቀበል አየሁት። ከዚያ ወዲህ «አስወጡ» የሚል ቀረ።

የሌሊት ሽፍት ልጄ፣ አንተም ልክ ነህ። ያቺን አያት አለመቆጣትህ ጥሩ አደረግህ። የኛ ሰው «የታመመን ሰው አትከልክሉት» ብሎ ነው ያደገ። ባንድ ሌሊት አትነቅለውም።

---

አቧሬ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ሐኪሙ ሲኒ ሲቀበል 😂

---

ሒሳብ ነው ሁሉም

ስሜቱን ትተን ቁጥር እናውራ?

በፈረንጆቹ 2015 የወጣው የላንሰት (የሕክምና መጽሔት ነው) የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና አያገኝም ይላል። በዓመት 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። አንድ መርከብ መጥታ ምን ልታደርግ ነው? ከባልዲ ጠብታ። እህቴ የአውሮፕላን ቲኬትሽን፣ የሁለት ወር ደሞዝሽን፣ ለመርከቧ የከፈልሽውን ደምሪው። ባገሬው ሆስፒታል ስንት ቡአ ይሠራበታል? መርከቧስ ስትሄድ ስፌቱ ያመረቀዘበትን ማን ያየዋል?

በጎ ፈቃደኛ ነጭ ሲሆን «ፎቶ ሊነሱ ነው» እንላለን። ሐበሻ ሲሆን ለምን ዝም እንላለን?

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ዝም አትበሉ። እኔም ራሴን ጠይቄአለሁ፣ በተለይ ሒሳቡን።

ወጪው ይሄ ነው። ቲኬት በራሴ፣ ኢንሹራንስ በራሴ፣ መኝታና ምግብ ለመርከቧ በየወሩ ከፍያለሁ። ከፊሉን የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ማኅበር እንደ ዕቁብ አዋጥቶ ሸፈነልኝ። ብሩን ብልክ ይሻል ነበር ወይ? ለቡአ ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ የሚሻል ይመስለኛል። ለመንጋጋ ዕጢ ግን ብር ብልክ ማን ይሠራዋል? ሴራሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ ስፔሻሊስት ቀዶ ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2002 ጦርነት፣ ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ። የተማረው ሲሞትና ሲሰደድ ነው የኖረው። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እኔ ራሴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ግን አንተ ያላነሳኸውን ላንሳልህ። ሴራሊዮን ውስጥ ከ2011 ጀምሮ አንድ ሥልጠና አለ። ካፓኬር የሚባል የኖርዌይ ድርጅት ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር ነው የሚሠራው። ሐኪም ያልሆኑ የጤና መኮንኖችን ወስደው ሦስት ዓመት ያሠለጥኗቸዋል፣ ቡአና ቄሳራዊ ይሠራሉ። በ2021 የታተመ ጥናት እነሱ የሠሩትን ቡአ ሐኪሞች ከሠሩት ጋር አወዳድሮ የማያንስ ሆኖ አግኝቶታል። እኛስ? በፈረንጆቹ 2009 ኢመርጀንሲ ሰርጂካል ኦፊሰር (ሐኪም ያልሆነ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ) ማሠልጠን ጀምረን የለ እንዴ! አንድ ዓይነት መላ ነው። መፍትሔው እሱ ነው፣ መርከቧ አይደለችም። መርከቧም ይሄ ስለገባት ነው መሰለኝ ያገሬውን ባለሙያ ጎን ለጎን የምታሠለጥነው።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትለኛለህ። የመንጋጋዋ ሴት ሥርዓቱ እስኪስተካከል መተንፈስ አትችልማ።

---

ሒሳብ ነው ሁሉም

እሺ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተቀብያለሁ። ሌላውን ግን ገና አልለቀቅሁሽም። ስፌቱ ያመረቀዘበትስ?

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

የብስ ላይ ማረፊያ ቤት አላቸው፣ ቁስላቸው እስኪድን ታካሚዎች እዚያ ይሰነብታሉ፣ ፋሻ ለመቀየር ይመላለሳሉ። ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ያለው ግን ስጋት ነው፣ አልዋሽህም።

---

ወሎዬዋ

አንድ ነገር ልጠይቅ ሲስተርዬ። ሴራሊዮን አብዛኛው ሙስሊም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። መርከቧ የክርስቲያኖች ነች። አይጋጭም?

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ወሎዬ ስለሆንሽ ይገባሻል! አገራቸው እንደናንተ ነው። አብዛኛው ሙስሊም፣ ክርስቲያኑም ብዙ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም። ስብሰባ ሲከፈት የሙስሊም ጸሎትም የክርስቲያን ጸሎትም ይደረጋል። ክፍላችን ውስጥ ለኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው ሲኖር አንዷ ዱዓ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ኢየሱስ ትላለች፣ ሰውዬው ለሁለቱም አሜን ይላል። ረመዳን እኔ እያለሁ ነው የገባው። ቁስላቸው ያልዳነውን አትጹሙ ማለት ነበር ሥራዬ፤ አልሰማ ያሉኝ ሴትዮ ነበሩ፣ ለክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ነገርኳት፣ እሷ አሳመነቻቸው። እንዴት እንዳሳመነቻቸው አላውቅም።

---

ወሎዬዋ

እህህ፣ እኛ ጋም እንዲያ ነው። አያቴ ስትታመም ማርያምን የተሳለችላት ሙስሊም ጎረቤቷ ናት።

---

የ2007 ዘማች

ብዙ አልጽፍም ነበር፣ ይሄን ክር ሳነብ አመሸሁ።

በኢቦላ ጊዜ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ወደ 200 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎችን ወደ ላይቤሪያ፣ ጊኒና ሴራሊዮን ልካ ነበር። በኛ 2007 ነው። እኔ ሴራሊዮን ደረሰኝ። ነርስ ነኝ።

ሲስተር የጻፈችውን አስታማሚ እኔ ያየሁት በሌላ መልኩ ነው። ያኔ የሚሞተው አስታማሚው ነበር። እናት ልጇን አቅፋ፣ ልጅ እናቷን አጥባ፣ እህት ትውከት ጠርጋ። ፍቅር ነበር መተላለፊያው። አገሪቱ ላይ ከ3,900 በላይ ሰው ሞተ። ከጤና ባለሙያውም ብዙ አለቀ። ኬኔማ በምትባል ከተማ የላሳ ትኩሳት (ሌላ ተላላፊ በሽታ ነው) ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ዶ/ር ሼክ ሁማር ካን እንኳ ታካሚ ሲያድኑ ተይዘው በሐምሌ 2014 (በፈረንጅ) አረፉ።

መንግሥት «አትንኩ» አለ። በየግድግዳው ተጻፈ። እጅ መጨባበጥ ቀረ። ለቅሶ ቀረ። ሬሳ ማጠብ ቀረ። እስቲ ሐበሻን «ለቅሶ አትድረስ፣ እናትህን አትጠብ» በለው! እነሱም እንደኛው ናቸው፣ ለዚህ ነው የከበዳቸው።

እኔ ከነልብሴ እንደ ጠፈርተኛ ተጠቅልዬ ነው የምገባው። ዓይኔ ብቻ ነው የሚታየው። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ቤተሰቧ አልቋል። ውኃ ስሰጣት እጄን ያዘችኝ። ሁለት ድርብ ጓንት ነው፣ የያዘችው ላስቲክ ነው። ቢሆንም አልለቀቀችም። ሰዓቴ ሞልቶ፣ በላብ ሰጥሜ፣ መውጣት ነበረብኝ።

ልጅቷ ዳነች። አሁን የት እንዳለች አላውቅም። ሲስተር፣ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ያዘቻት ብለሽ ስትጽፊ ምን እንደተሰማኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። እንደገና እየተነካኩ ነው ማለት ነው።

---

የሌሊት ሽፍት

ጌታዬ።

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድም ዓለም፣ ምን እላለሁ። ያቺ የክፍል ረዳት ያልኳችሁ ስለዚያ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው ያወራችኝ። ሌሊት ነበር። «እናቴን ሌሎች ናቸው የቀበሯት» አለች። ከዚያ ተነስታ የሕፃናቱን ትኩሳት ለካች። እኔ አልመለስኩላትም። በክሪዮ የማውቀው «ኦሽ ያ» ብቻ ስለነበር እሱን አልኳት።

---

ከቀበና ማዶ

ርዕሱ ትንሽ ይዞርብኛል ይቅርታ። ታካሚ ታካሚን ያስታምማል ስትሉ ግን የፊስቱላ (በምጥ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸው ሴቶች) ሆስፒታላችን ለምን እስካሁን አልተነሳም? ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በፈረንጆቹ 1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 ሆስፒታሉን ከፈቱት። እዚያ ክፍል ውስጥ ከረዱት ሴቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ታክመው የቀሩ ናቸው። ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼን የማያውቅ አለ? በምጥ ተጎድተው ታካሚ ሆነው መጡ፣ አልጋ አንጥፈው ጀመሩ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና ሠሪ ሆነው ሐኪም እስከ ማሠልጠን ደረሱ። ፊደል የቆጠሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፍሪታውንም አበርዲን የሚባል ሰፈር ውስጥ ለፊስቱላ ሴቶች የተሠራ ማዕከል አለ። ከምታፍር ሴት ጎን ያፈረች ሴት ስትተኛ ግማሹ ሕመም ይሄዳል።

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ልክ ነሽ፣ ወይም ነህ። የመንጋጋዋ ሴት መስታወት አልጠየቀችም። ያቺ እንቅርት የወጣላት ጎረቤቷ ናት በየቀኑ አገጯን ይዛ እያዞረች የምትነግራት። እብጠቱ ዛሬ ቀንሷል፣ ከንፈርሽ ትንሽ ይጎትታል፣ ስሞል ስሞል። ስሞል ስሞል ማለት ቀስ በቀስ ነው። ሳይዋሹ ማጽናናት እንዴት እንደሆነ ከዚያች ሴት ነው ያየሁት። እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «ቆንጆ ሆነሻል» ብያት እዋሽ ነበር።

---

አራተኛ ዓመት ነርሲንግ

ሲስተርዬ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ሐዋሳ። ሁሉንም አነበብኩት። እኔ መሄድ እችላለሁ? ምን ይጠይቃሉ? ምን ልያዝ?

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

የኔ ቆንጆ፣ አሁን አትችዪም። የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ላይ የሥራ ልምድ። እንግሊዝኛ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። የወባ መድኃኒት ትወስጃለሽ። ወጪውን ራስሽ ነሽ የምትችዪው፣ ይሄን ቀድመሽ አስቢበት። አውሮፕላን ማረፊያው ሉንጊ ከከተማው ባሻገር ውኃ ማዶ ነው፣ ባብዛኛው በጀልባ ነው የሚገባው። የባሕር ሕመም ካለብሽ ያን ቀን ትጀምሪዋለሽ።

---

የሌሊት ሽፍት

ሐዋሳ፣ እስከዚያው እኛ ጋ ነይ። መርከብ የለንም፣ አልጋ ግን ሞልቷል። ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ብትመጪ ቁስል ማጠብ አስተምርሻለሁ፣ አያቶቹን ደግሞ አንቺ ታስተምሪልኛለሽ። ሲስተር የነገረችንን መላ ትናንት ሞከርኩት። መሐል ክፍሉ ላይ ቆሜ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ «ምን ሆነ ይሄ ልጅ?» አሉ። ግን ሌሊት ማንም አጥሚት አልሰጠም።

---

ጡረተኛው ድሬሰር

😄 (የልጅ ልጄ ነው ይሄን ምልክት ያሳየኝ)

---

አራተኛ ዓመት ነርሲንግ

እመጣለሁ! በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ሲስተርዬ ግን ምን ልያዝ የሚለውን አልመለሽልኝም።

---

ሲስተር ሲልቨር ስፕሪንግ

ጥሩ ጫማ፣ ሰዓት፣ እስክሪብቶ ብዙ (ይጠፋል)። እና የጸጉር መሥሪያ ክርና ማበጠሪያ። የምሬን ነው። ከሰዓት ሥራ ሲቀንስ ሴቶቹ ሹሩባ ይሠራራሉ፣ ነርስም አይቀርም። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ሁለት ወር ሙሉ በሰው ክር ነው የተሠራሁት።